የጠርጥር የመጨረሻ ፍተሻ

ሬሳው የተገኘው ለዓመታት ድንጋይ ሲፈለጥበት ኖሮ በተተወ ገደል ግርጌ ነበር። መርማሪዋ ጉልበቷን ስለሚያማት ቁልቁለቱን በጎን እየረገጠች፣ በግራ እጇ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወረደች። ስትደርስ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«አንገቱ ነው» አላት። «መሬት ሲነካ አበቃ። ጣቱን ለማንቀሳቀስ እንኳ ጊዜ አላገኘም። ትናንት ሊመሽ ሲል ነው፤ ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ።»

ሟቹ የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነው። ኮቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። የጫማው ክር በእጥፍ ታስሯል። ከቀኝ እጁ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ግራጫ መሣሪያ ወድቃለች፤ ከመዳፍ አትበልጥም፣ ጥጓ ተሰንጥቋል፣ ግን ትሠራለች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«መንገድ ትመራለች፣ ቀጠሮም ትይዛለች» አለ ቀድሟት የደረሰው የጣቢያው መኮንን። «በጂፒኤስ ነው አሉኝ። የሰውየው ሥራ ይኸው ነበር። ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ይበጃል አይበጅም ብለው የሚፈትሹ አሉ አይደል? ከእነሱ አንዱ ነው። ግን ብዙም አይድከሙ። አፋፉ ላይ ያለው የአንድ ሰው ኮቴ ብቻ ነው። ቤቱ ከከተማው በሌላኛው ጫፍ ነው፤ መሣሪያዋም ቤቱን እዚያው፣ በቦታው ነው የምታሳየው፣ ከፍቼ አይቻለሁ። ቤቱን ወደ ኋላ ትቶ፣ የተቀደደ አጥር ሾልኮ እዚህ የሚያመጣው ምን ጉዳይ አለው? ራሱን ነው የጣለው።»

«ራሱን ሊጥል የመጣ ሰው የጫማውን ክር በእጥፍ ያስራል?»

«ጠንቃቃ ሰው ይሆናላ» አለ መኮንኑ። ያለው ነገር ግን ለራሱም አልጣመውም።

መርማሪዋ የኮቱን የውስጥ ኪስ ፈተሸች። በለስላሳ ጨርቅ የተጠቀለለ የሴት መነጽር አገኘች። አልተሰበረም። አብሮት ያለው የጥገና ቤት ወረቀት ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጠጋኙ እንዳስረከበው ይናገራል። ቀና ብላ ወደ አፋፉ ስታይ አንዲት ወጣት ሴት ከተዘረጋው ገመድ ኋላ ቆማ፣ ዓይኗን አጨንቁራ ቁልቁል ትመለከታለች። ፊቷ ላይ መነጽር የለም፤ አፍንጫዋ ላይ ግን የመነጽር ምልክት አለ።

የሟቹ ልጅ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ወደ ቤታቸው ሄደች። በዋናው መንገድ በኩል ያለውን በር ብታንኳኳ ብታንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። አንድ ጎረቤት በመስኮት ብቅ አለና «በኋላ በኩል ነው! እሱ ከተቆለፈ ሦስት ወሩ!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው፤ ከፊተኛው በር እስከ ኋለኛው አርባ እርምጃ ይሆናል። ዞራ በቀጭኑ መተላለፊያ ገባች።

ልጅቷ መነጽሩን ተቀበለች። አደረገችው፣ መርማሪዋን አየቻት፣ መልሳ አወለቀችው።

«ከተሰበረ ስድስት ቀኑ ነው» አለች። «የረሳው መስሎኝ ነበር።»

«አባትሽ የሚረሳ ሰው ነበር?»

ልጅቷ መነጽሩን በጨርቁ መልሳ ጠቀለለችው። መርማሪዋ ማድ ቤቱን ቃኘች። በየቁም ሣጥኑ በር ላይ፣ በሰው ዓይን ትክክል፣ የሙጫ ርዝራዥ የቀረበት አራት ማዕዘን ምልክት አለ። የተለጠፈው ወረቀት የተላጠው ዛሬ ነው፤ ጥቃቅን ቁራጮች ወለሉ ላይ ወድቀዋል።

«እዚህ ምን ተለጥፎ ነበር?»

«ምንም።»

«የፊት ለፊቱ በርስ ለምን ተቆለፈ?»

«ቁልፉ ተበላሽቶ።»

«ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ሽበት ሰው ሲዋሸኝ የበቀለ ነው። ያንቺ ውሸት ገና ጀማሪ ነው፤ ባትለማመጂው ይሻላል።»

ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። 

«ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብቶኛል።»

«ሞቷል እኮ።»

«ቃሉ አልሞተም» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «የእኔን ብቻ ልንገርዎት። ትናንት ጠዋት ሲወጣ ደክሞኝ ነበር። ‹ዛሬ ደግሞ ከጠፋህ ፍለጋ አልወጣም› አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት። ኮቱን ቆለፈና ወጣ። ፖሊሱ ራሱን ነው የጣለው አለኝ። እኔ ነኝ ወይ? እኔ ከሆንኩም ይንገሩኝ። እንዳያባብሉኝ። እርግጡን።»

«ፍለጋ ወጣሽ?»

«እስኪነጋ። ግን ሰፈሩን ነው ያሰስኩት። በዚያ በኩል ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም።»

መርማሪዋ ብዙ ሰው አጽናንታ ታውቃለች፤ ይህችን ግን አላባበለቻትም። «እርግጡን አመጣልሻለሁ» ብቻ አለቻት።

ፍተሻ ቤቱ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው ክፍል ጥግ ሻንጣ እየከፈተ የሚዘጋ ማሽን ያለማቋረጥ ይንቋቋል። ግድግዳው ላይ የተከፈተበትን ብዛት የሚቆጥር ሰሌዳ አለ።

«ጠርጥር ነበር የምንለው» አለች ኃላፊዋ፤ ጠይም፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። «በስሙ የጠራሁት ሲቀጠር ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ያቺን ተረት ከጠረጴዛው በላይ ለጥፏት ኖረ።»

ቢጫ የሆነው ወረቀት «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ይላል።

«መሣሪያዋ ለማን ነው የምትገዛው?»

«ቤት ለቤት እየዞሩ ሕመምተኛ ለሚጠይቁ ነርሶች። መንገዱንም፣ የሕመምተኛውን ሰዓትም፣ ስልኩንም በአንድ ዕቃ እንዲይዙ። ሁለት መቶ ነው የሚፈልጉት። ጠርጥር ሌላ ዕቃ በሦስት ሳምንት ይጨርስ ነበር፤ ይቺን ሦስት ወር ይዟት ከረመ። ማታ ማታም ቤቱ ይዟት ይሄዳል። አርብ ይፈርማል ብለን ስንጠብቅ ነው።»

«ሊያሳልፋት ነበር ወይስ ሊጥላት?»

«እሱ ሳይፈርም ፊቱ አይነበብም። የቀረው ስንጥሩ ብቻ ነበር።»

«የምን ስንጥር?»

ኃላፊዋ ፈገግ ልትል ፈልጋ አቃታት። «የቤታችን ልማድ ነው። ስሙን ከዚያች ተረት ነው ያወጣነው። ፈታሽ ሊፈርም ሲል ባልደረባው ዕቃው ውስጥ ሆን ብሎ አንድ ስህተት ይደብቅበታል። ካገኘው፣ ነቅቶ ሲፈትሽ ነበር ማለት ነው። ካላገኘው ፍተሻው ከሀ ይጀመራል። የደበቀው ሰው ምን እንደደበቀ ጽፎ፣ አሽጎ ለእኔ ይሰጣል። ጠርጥርን ያመለጠው ስንጥር የለም። ከሰዓት ደብቀንበት ሳይመሽ ደውሎ ይሰድበን ነበር።»

«የአሁኑን የደበቀው ማን ነው?»

«ሜትር የምንለው ካርታ ሠሪያችን ነዋ። ከትናንት በስቲያ ለምሳ ስንወጣ... አይ፣ ትናንት። ቀኑ ጠፋብኝ።» ከመሳቢያዋ የታሸገ ፖስታ አወጣች። «ትናንት ማስገባት ነበረበት፤ ረስቼው ነው ብሎ አሁን ከገደሉ ስንመለስ ሰጠኝ። ማን ይከፍተዋል ከእንግዲህ?»

መርማሪዋ ከፈተችው። በጥንቁቅ ጽሕፈት «የጠዋቱን የማንቂያ ደወል በአሥር ደቂቃ አዘገየሁ» ይላል።

«ጠዋት ሊፈልጉት ሲወጡ በዚያ በኩል እንሂድ ያለው ማን ነበር?»

«ሜትር። ከፍተሻ መስመሮቹ አንዱ በዚያ ያልፋል አለን። እኔ፣ እሱና የሻጩ ድርጅት ወኪል ነን የወረድነው። ልጅቷን ከላይ አስቀረናት። ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ ሌላ መውረጃ ይዘው ዞሩ። ከታች ስልክ ስለማይሠራ ልደውል ወጣሁ።»

ወኪሉ ጫማው የሚያብለጨልጭ ወጣት ነው። መርማሪዋ ገና ሳትጠይቀው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እመቤቴ፣ ይቺ መሣሪያ አትሳሳትም።»

«ሰውየው ገደል ገብቷል።»

«እሱ ገባ እንጂ እሷ አላስገባችውም! ከዚያ ከፍታ ወድቃ መሥራቷን ግን ይጻፉልኝ።» የተናገረውን ሰምቶ ደነገጠ። «ይቅርታ። ሥራ አፌን አበላሸው።»

«አንስተሃታል?»

«ትሠራ እንደሆነ ነው። አንድ ደቂቃ አይሞላም። መልሼ አስቀመጥኳት።»

«ቤቱ ሄደህ ታውቃለህ?»

«እኔን? በር ላይ እንኳ ሰላም አይለኝም ነበር።»

ሜትር የመጨረሻው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ በደረት ኪሱ የሚታጠፍ የእንጨት መለኪያ የያዘ ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል» አለ። «ከዚያ በፊትም አብረን ተምረናል። ልጅቷን በክንዴ ነው ያሳደግኋት።»

«ወኪሉ ወጥቶ እርስዎ ከሬሳው ጋር ቀሩ?»

«ብቻውን ልተወው?»

«በቅርቡ ቤቱ ሄደው ነበር?»

ሜትር መለኪያውን አውጥቶ አጠፈው፣ ዘረጋው። «ሦስት ወር ሆነኝ። አትምጣ አለኝ። ቤቱን እያሳደስኩ ነው አለ። ሰው አትምጣ ሲልህ ምን ታደርጋለህ? አኮረፍኩ። እሱም አልለመነኝም። ችግር ቢኖርበት መጀመሪያ የሚነግረው ለእኔ ነበር።»

መርማሪዋ የራሷን ስልክ እንኳ የምትከፍተው ልጇን እየጠየቀች ነው። ቢሆንም መሣሪያዋንና የጠርጥርን የፍተሻ ደብተር ወስዳ ሁለት ቀን ሙሉ ከሁለቱ ጋር ታገለች። ከመሣሪያዋ ጎን የምትወጣውን፣ ሰሌዳዋን የሚነኩባትን ትንሽ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ጣለቻት። ቀጠሮዎቹን አንድ በአንድ ከደብተሩ ጋር አስተያየች። የጠዋቱ ደወል ሁለቱም ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልዘገየም።

ደብተሩ በእርሳስ የተጻፈ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጽሕፈት ቀጥ ያለ ነው፦ «ከመንገድ ስትወጣ ቀጥታ መስመር ታሳያለች። ገደልና ውሃ አትለይም። ነርስ ልትሞት ትችላለች።» ከታች ደግሞ፦ «የተቀመጠ ቦታ ሲታረም ከፍታውን የምትመዘግበው ቦታው ካለበት ሳይሆን አራሚው ከቆመበት ነው። ይስተካከል።»

ከወር በኋላ ጽሕፈቱ ይጎብጣል። ከመሃል ጀምሮ የገደሉ ነገር እንደገና ተጽፏል፤ ልክ ያን ቀን እንደተገኘ አዲስ ስህተት። ከሳምንት በኋላም እንደገና። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ የለም። የፍተሻ መስመሮቹም ሁሉ ተዘርዝረዋል፤ አንዱም በድንጋይ መፍለጫው በኩል አያልፍም።

የመሣሪያዋን የማስታወሻ ክፍል ስትከፍት የሥራ ነገር አልነበረም። አንዲት ጽሑፍ ብቻ አገኘች፦

«ወደ ቤት፦ ‹ቤት› የሚለውን ንካ። የምትልህን ሂድ። በኋላ በር ግባ። በሩን የምትከፍትልህ ባለ መነጽሯ ልጅህ ናት። አትቆጣት።»

 መርማሪዋ ተነስታ «ቤት»ን ነካች፣ የምትላትን ሄደች። መሣሪያዋ በዋናው መንገድ ወስዳ የተቆለፈው የፊት በር ላይ አቆመቻት። የቆመችበት ከፍታ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ይላል። «ቤት» በሚለው መዝገብ ሥር የተጻፈው ግን አምስት መቶ ሰባ አንድ ነው። ጉልበቷን እየረገመች ተመልሳ ገደሉ ግርጌ ወረደች። ሬሳው ከነበረበት ቦታ ቆማ አየች። አምስት መቶ ሰባ አንድ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አራቱንም በፍተሻ ቤቱ ሰበሰበቻቸው። ሻንጣ የሚከፍተው ማሽን እንዲጠፋ ጠየቀች። ልጅቷ ኃላፊዋ ባሳየቻት በአባቷ ወንበር ላይ አልተቀመጠችም፤ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ሰውየው ሊሞት አልሄደም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ፤ ዓይኗ ልጅቷ ላይ ነው። «መሣሪያዋ የረገጠውን ሁሉ በነጠብጣብ ታስቀራለች። ከመነጽር ጥገናው ወጥቶ አንድ ሰዓት ያህል ሄዷል። መታጠፊያ በደረሰ ቁጥር ይቆማል፣ ያያታል፣ ይሄዳል። አንድ ጊዜ አንዱን መታጠፊያ አልፎት ተመልሷል። ሞት ፍለጋ የሚሄድ ሰው መታጠፊያ አለፈኝ ብሎ አይመለስም። ይህ እየተመራ የሚሄድ ሰው ነው። መንገዱ ካለቀ በኋላ ነጠብጣቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ናቸው፤ አጥሩን ያልፋሉ፣ አፋፉ ላይ ያቆማሉ። መሣሪያዋ ከገደሉ ማዶ ወዳለ አንድ ቦታ እየወሰደችው ነበር።»

«ወዴት?» አለ ወኪሉ። «የመጨረሻው ትእዛዝ እኮ ‹ቤት› ነው። ቤቱ ደግሞ በሌላ በኩል ነው፤ መሣሪያዋ በትክክል...»

«አሁን በትክክል ታሳያለች። ያን ለት ግን ‹ቤት› ከገደሉ ማዶ ነበር።» የጠርጥርን ደብተር ከፍታ ስለ ከፍታው የጻፈውን አነበበችላቸው። «ቤቱ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ነው። በመዝገቡ ያለው አምስት መቶ ሰባ አንድ ነው፤ የገደሉ ግርጌ። ይህን ቦታ ያረመው ሰው ሲያርም ከታች ቆሞ ነበር። ሐኪሙ ሟቹ ጣቱን አላንቀሳቀሰም ብሏል። እንግዲህ ከሞተ በኋላ፣ አጠገቡ ቆሞ፣ ቤቱን ወደ ቦታው የመለሰ ሰው አለ። ከታች የወረዳችሁት ሦስት ናችሁ።»

ኃላፊዋ ወንበሯ ላይ ተመቻቸች። ወኪሉ ጫማውን አየ።

«ግን ቆይ» አለ ወኪሉ፤ ላቡ መጥቷል። «ሠላሳ ዓመት የኖረበትን ቤት መንገድ የማያውቅ ሰው አለ? መሣሪያ በሌላ አቅጣጫ ሂድ ቢለው ይሄዳል?»

መርማሪዋ ወደ በሩ ዞረች። 

«ታሞ ነበር» አለች ልጅቷ ከበሩ። «አእምሮው ይሸሽ ነበር። ሦስት ወር ሆኖታል። የፊት በር ከፍቶ እየወጣ ይጠፋል፤ ለዚያ ነው የቆለፍኩት። ቁም ሣጥኖቹ ላይም የውስጣቸውን ጽፌ ለጥፌለት ነበር። ‹ፍተሻ ቤት እንዳይሰሙ፣ ለጋሼ ሜትርም እንዳትነግሪ፣ ይቺን የመጨረሻዋን ልፈርም› አለኝ። ሥራውን የሚሄደውም የሚመለሰውም በእሷ እየተመራ ነበር። ያለሷ መንገዱን አያውቀውም።»

ሜትር ከወንበሩ ተነሳ። ተቀመጠ። «ምን?» አለ። ማንንም አልጠየቀም።

«ቤቱን የመለሰው ሰው የፊት በር ላይ ነው ያስቀመጠው» ብላ ቀጠለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። «ጠርጥር ቢሆን በኋላ በር ያደርገው ነበር። ወኪሉ ቤቱን አያውቀውም። እርስዎስ?»

«ረግጬው አላውቅም» አለች ኃላፊዋ።

«ያረመው ሰው ቤቱን በደንብ ያውቃል፤ ከካርታ ላይ በእስክሪብቶ ጫፍ ይለየዋል። ግን በሩ ከተቆለፈ ወዲህ አልሄደም። ፖስታው ውስጥ ያለው ወረቀት ደግሞ ደወሉ ዘግይቷል ይላል። ደወሉ አልዘገየም። ያልተደበቀ ስንጥር የሚጽፍ ሰው የተደበቀውን የሚሸሽግ ነው። በዚያ በኩል ይሁን ብሎ ፍለጋውን የመራውም እሱ ነው፤ በዚያ የሚያልፍ የፍተሻ መስመር ግን የለም።»

«ሜትር» አለች ኃላፊዋ፤ መጥራቷም አልነበረም።

ሜትር መለኪያውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ከገደሉ ማዶ ያለው የድሮ ትምህርት ቤታችን ነው» አለ። «ቅየሳ የተማርንበት። ለምሳ ሲወጣ ቤቱን ወስጄ እዚያ ተከልኩት። ስንጥር ሰው በማይጎዳበት ይሁን ይላል ደንባችን። የራሱን ቤት የሚስት ሰው አለ? ከሁሉ የቀለለውን መረጥኩለት። ደግሞ ተኳርፈናል። ቤቱን ትምህርት ቤት ሲያገኘው ይስቃል፣ ደውሎ ይሰድበኛል፣ በዚያው እንታረቃለን ብዬ ነው። ያን ምሽት ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ጠዋት ጠፋ ሲሉኝ፣ ወደዚያ ሄዶ ይሆናል አልኩ፤ አውቆ፣ የድሮውን ሊያይ። እስከ አሁን አውቆ የሄደ ነበር የሚመስለኝ።» ወደ ልጅቷ ዞረ፤ ዓይኗን ማየት ግን አልቻለም። «ከታች ሆኜ መሣሪያዋን ሳነሳ አንቺ ከላይ ‹አለ? አባዬ አለ?› እያልሽ ትጣሪ ነበር። እጄ ብቻውን መለሰው።»

«እጅ ብቻውን አራት ቀን ዝም አይልም» አለች መርማሪዋ። «የሞቱን ነገር ዳኛ ይመዝነው፤ እኔ ከስህተት የሚያልፍ አላየሁበትም። ፖሊስ ራሱን ጣለ ሲል ግን ሰምተዋል። ይህች ልጅ አባቴን እኔ ገደልኩት ብላ ስትከርም አንድ ቃል ቢወጣዎት ይበቃት ነበር።»

ሜትር አንገቱን ደፋ። 

ልጅቷ ከበሩ ተላቀቀች። «እንግዲህ ወደ ቤት እየመጣ ነበር» አለች።

«ወደ ቤት እየመጣ ነበር፣ ልጄ።»

በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ድምፅ አላወጣችም፤ ኃላፊዋ ልትይዛት ስትነሳ እጇን ዘርግታ አስቀረቻት። ሲያባራላት ሜትር ፊት ሄዳ ቆመች።

«ለምን መጥተህ አላየኸውም፣ ጋሼ?»

«አትምጣ አለኝ።»

«እኔንም አትንገሪ አለኝ» አለች። «ሁለታችንም ሰማነው።»

መርማሪዋ የሜትርን ክንድ ያዘች። አልጎተተችውም። ሜትር ኮቱን ከወንበሩ ጀርባ አነሳ፣ እጅጌው ግን አልገባ ብሎት ታገለ። ልጅቷ ስታየው ቆየች፤ ከዚያ ኮቱን ከኋላው ያዘችለት።

«ቀብሩ ነገ አራት ሰዓት ነው» አለች። «ሬሳውን የሚሸከም አራት ሰው ያስፈልገኛል። ያገኘሁት ሦስት ነው። አባዬ ከአንተ ሌላ ሰው አልነበረውም። ይቅር ብዬህ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

ልጅቷ ወደ መርማሪዋ ተመለከተች።

«እኔው ይዤው እመጣለሁ» አለች መርማሪዋ።

ሜትር መራመድ ጀመረ። በሩ ላይ ሲደርስ ልጅቷ ከኋላው ጠራችው።

«ጋሼ፣ አንተ ረጅም ስለሆንክ በኋላ በኩል ያዝ። ሣጥኑ ወደ ጭንቅላቱ እንዳያዘነብል።»